ድሮ ቮልት ጨዋ ነበር

እናንተ የዕድሜ እኩዮቼ፣ እኔ ተቃጥያለሁ። ኑሮውን እንዳይመስላችሁ፤ እሱንስ ለምደነዋል። ቮልት ነው ያቃጠለኝ። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን እስከ ሰባ ደረጃ እየዞራችሁ «የአሜሪካ መብራት ስንት ቮልት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ። አንዱ 110 ይላችኋል፣ አንዱ 115፣ ሌላው 120። ከቃሊቲ አልፎ የማያውቀው ደግሞ ማርያምን 125 ነው ብሎ ይምላል።

ድሮ እንዲህ ያለ ጣጣ አልነበረም። በጃንሆይ ጊዜ ቮልት ማለት 220 ነው፣ አለቀ። አንዲት ቮልት ብትጎድል ሹሙ ራሱ ባርኔጣውን አውልቆ ደጃችሁ ድረስ ይቅርታ ሊጠይቅ ይመጣ ነበር። አምፖሉ እንኳ ጨዋ ነበር፤ ሽማግሌ ሲገባ ደመቅ ይላል። እኛ ቤትማ መብራት የሚባል ነገር አንድም ቀን ጠፍቶ አያውቅም። እናቴ ኩራዟን በጊዜ ጋዝ ትሞላት ነበራ!

መሥሪያ ቤቱም አንድ ነበር፤ በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን። ስሙን ጠርታችሁ ሳትጨርሱ መብራቱ ይመጣል። ኋላ በ2006 ለሁለት ተከፈለና አንዱ አመንጪ፣ ሌላው ሻጭ ሆነ። ይኸው ለማን እንደምንነጫነጭ እንኳ ግራ ገብቶን ቀረን።

ልጄ ከአሜሪካ ካውያ ላከችልኝ። የሰፈሩ ባለሱቅ «ይሠራል አባባ፣ ይሰኩት» አለኝ። ተሰካ። ሸሚዜም ካውያውም አንድ ላይ ተሰናበቱኝ። ለ120 ቮልት የተሠራ ካውያ 220 ላይ ሲሰካ ሙቀቱ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል አሉኝ፣ ከተቃጠለ በኋላ። ለካ እነዚያ ሁሉ ቁጥሮች የአንድ ሶኬት ስሞች ኖረዋል! ዛሬ የአሜሪካ ቤት የሚገባው 120 ነው፤ 110 ከኤዲሰን ዘመን የቀረ አጠራር ነው፤ 115 ደግሞ ሞተር ላይ የሚጻፍ ነው። ለአንድ ሶኬት ይህን ያህል ስም ምን ይሠራለታል? ክርስትና ሊያነሱት ነው?

አውሮፓስ ብትሉ! ዋናው ምድር 220፣ እንግሊዝ 240 ነበሩ። ተሰብስበው መከሩና ሁላችንም 230 ነን አሉ። ሽቦ ቀየሩ እንዳትሉኝ። ከ230 ወዲህና ወዲያ ማለት የሚፈቀደውን ልክ ሰፋ አደረጉት፣ የሁለቱም የድሮ ቮልት እዚያው ውስጥ ገባ፣ አበቃ። ማንም ከቦታው ሳይነቃነቅ የታረቀበት እንዲህ ያለ ሽምግልና አይቼ አላውቅም። ጎረቤታችን ኬንያ ከእንግሊዝ የወረሰችውን ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ስፒና አልለቅም ብላለች። ብራዚል ከከተማ ከተማ 127 እና 220 እያለች ትለያያለች። ሳውዲም ስንት ዘመን በ127 ኖራ አሁን ቀስ በቀስ ወደ 230 እየተሸጋገረች ነው። ከጅዳ ዕቃ ተሸክማችሁ የመጣችሁ እህቶቼ የየትኛው ዘመን ዕቃ እንደሆነ እናንተው ታውቃላችሁ።

የጃፓኑ ግን ይብሳል። ቮልታቸው 100 ብቻ ነው፤ ይሁን፣ ቆጣቢ ሕዝብ ነው። ነገር ግን በ1880ዎቹ ቶኪዮ ማመንጫዋን ከጀርመን ገዛች፣ ኦሳካ ከአሜሪካ። የጀርመኑ በሰከንድ 50 ሳይክል፣ የአሜሪካው 60። ይኸው እስከ ዛሬ ምሥራቁና ምዕራቡ እንደተለያዩ አሉ።

ይህን ሳይክል የሚሉትን ነገር ያወቅሁት በግድግዳ ሰዓት ነው። ልጄ ጎረቤቷ የጣለውን የድሮ የኤሌክትሪክ ሰዓት፣ ጠንካራ ዕቃ ነው ብላ ላከችልኝ። ካውያውን አስታውሼ ትራንስፎርመር ገዛሁ። 220ው 120 ሆነ፣ ሰዓቱም መዞር ጀመረ፤ ግን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ወደኋላ ይቀራል! ለካ ሞተሩ የሚዞረው ሳይክል እየቆጠረ ነው። በሰከንድ 60 ሲጠብቅ ከእኛ 50 ያገኛል። ትራንስፎርመር ቮልት ያወርዳል እንጂ ሳይክል አይነካም። በ24 ሰዓት ውስጥ 4 ሰዓት ይበላኛል። ዘመኑ ሁሉ ጥድፊያ ሆነ እያልኩ ሳለቅስ አንድ ሰዓት ቤቴ ገብቶ ይንቀራፈፍብኛል! እንዲህ ያለ ሰነፍ!

የምጠይቀው ባለ እጅም የለኝም። ፒያሳ በ2016 ስትፈርስ ሬዲዮ ጠጋኞቻችን ተበተኑ። ከመካከላቸው አንዱ ጣቱን በምራቁ አርሶ ሽቦውን ነካ ያደርግና «ዛሬ 190 ናት፣ ፍሪጅ አትሰኩ» ይል ነበር። አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ የጎደሉት ሁለት ጣት ብቻ ናቸው። የዛሬው ጎረምሳ መልቲሜትሩን ሶኬት ውስጥ ይከትና «203 ነው አባባ» ይላል። ያ የቻይና ሳጥን ምን ያውቃል?

እንግዲህ ስንት ሰው ለምኜ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ባለሱቅም ሆነ ከውጭ የመጣ ዘመድ አትመኑ፤ የዕቃውን ጀርባ ወይም ሥር ገልብጣችሁ አንብቡ። 100-240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ (ያው በሰከንድ ሳይክሉ ነው) ካለ የትም ይሰካል፤ የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛው እንዲህ ነው። 120 ብቻ ካለ ይቅርባችሁ። ካውያ፣ የፀጉር ማድረቂያ፣ ውሃ ማፍያ ብዙ ኃይል ስለሚበሉ ትራንስፎርመሩ ከዕቃው ይወደዳል። ስፒናውን በአዳፕተር ስላስገባችሁትም ቮልቱ አይቀየርም።

ጽሑፉ ታዲያ ለቁንጫ ነው የተጻፈው። ድሮ በናስ ላይ ይቀረጽ ነበር፤ ዓይነ ስውር እንኳ ዳስሶ ያነበው ነበር። አሁን የልጅ ልጄን ስልክ ተቀብዬ ፎቶ አንስቼ፣ ፊደሉን ለጥጬ ነው የማነበው። በዚያው ደግሞ የዓለሙን ሁሉ ቮልት፣ ከዚያም የድሮ የፒያሳን ፎቶ አያለሁ። ልጁ «አያቴ፣ ስልኬን ይስጡኝ» እያለ እላዬ ላይ ይንጠለጠላል። የዛሬ ልጆች መቼም ከስልክ መለየት አይችሉም።