ለባለ ራዩ መልስ

ከጀርመን የመጣው የአክስቴ ልጅ መተማ ዮሐንስ ጠላ ቤት ተቀምጠን ስለ ራይ ቢራ ይተርክልኝ ያዘ። ራይ የስንዴ ዘመድ ነው፤ በብርድ አገር ይበቅላል፣ ጥቁር ዳቦም ይጋገርበታል። «ስትጠጣው ቁንዶ በርበሬ ቁንዶ በርበሬ ይላል፤ ወፈር ብሎ ምላስህ ላይ ይቀመጣል» አለኝ። ደስ ብሎኝ ሰማሁት። የቀረበለትን የማሽላ ጠላ ግን ከንፈሩን አስነክቶ መለሰና «ይሄማ ድፍርስ ነው» አለ።

ዝም አልልም።

ድፍርስ አልክ? ራይህ ገለባ የሌለውና ሙጫ የሚበዛበት እህል ስለሆነ ጠማቂው ሲያጠልለው ያስቸግረዋል። ያንኑ ሙጫ ነው አንተ «ምላስ ላይ ይቀመጣል» ብለህ ያመሰገንከው። በራይ ሲሆን ውፍረት፣ በማሽላ ሲሆን ድፍርስ? ለአንድ ምላስ ሁለት ሚዛን አይሰጠውም።

«የእነሱ የቆየ ጥበብ ነው» አልክ። የጀርመኗ ባቫሪያ በ1516 እ.ኤ.አ. ቢራ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውሃ ብቻ ይጠመቅ ብላ ስትደነግግ ራይህን ከደጅ አስቀርታው ነበር። ማሽላውን ደግሞ እኔ ልንገርህ። ሱዳን ገብተህ፣ ገዳሪፍን አልፈህ ወደ ከሰላ ስትሄድ፣ ኸሽም አል-ጊርባ አካባቢ፣ በሸክላ ስባሪ ላይ የማሽላ ፍሬ አሻራ ተገኝቷል፤ ዕድሜው ከ5,000 ዓመት በላይ ነው። ሰው ማሽላን ማላመድ እንደጀመረ የሚያሳይ፣ እስካሁን ከታወቀው ሁሉ የቀደመ ምስክር ነው። ቦታው የጓንግ ወንዝ ከእኛ ወርዶ፣ አትባራ ተብሎ የሚያልፍበት አገር ነው። እህሉ በተወለደበት ደጃፍ ተቀምጠህ አታጣጥለው።

«የዚያ አገር ጠማቂ ሳይንስ ያውቃል» አልክ። ጠላውን የጠመቁት እትዬም ያውቃሉ። የማሽላ ስታርች የሚፈታው ከገብሱ በበለጠ ሙቀት ነው፤ ጥሬ ዱቄቱን ብትሰጠው ብቅሉ እንደ ልቡ አይሠራበትም። ስለዚህ እትዬ ቂጣውን ይጋግራሉ፣ አሻሮውን ይቆላሉ፣ ድፍድፉን ከጌሾና ከብቅል ጋር ያዋህዳሉ። ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ውስጥ፣ መሪሳ የተባለውን የማሽላ ጠላ የሚጠምቁት ሴቶች ደግሞ ጌሾ የላቸውም። ሊጡን አኮምጥጠው ከፊሉን እሳት ላይ እስኪያር ያገላብጡታል፤ ሱሪጅ ይሉታል። ያ ቡናማ መልክ፣ ያ የተቃጠለ ስኳር ጣዕም ከዚያ ነው የሚመጣው። ሱዳናዊው ምሁር ሐሚድ ዲራር በ1993 እ.ኤ.አ. ስለ አገራቸው የተብላሉ ምግቦች ባሳተሙት መጽሐፍ ሙያውን ደረጃ በደረጃ መዝግበውታል። አንተ በአንድ ጉንጭ ልትሽረው ነው?

«እዚያማ ክልክል ነው» አልክ። ለሙስሊሙ አሁንም ነው። የያኔው የሱዳን ፕሬዚዳንት ኑሜይሪ በሴፕቴምበር 1983 እ.ኤ.አ. ሸሪዓን ካወጁ ወዲህ መሪሳ የጠመቀች ሴት ተገርፋለች፣ ታስራለች። በ2020 እ.ኤ.አ. ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች መጠጣት እስኪፈቀድ ድረስ ብዙዎቹ በድብቅ እየጠመቁ ልጅ አሳደጉ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ጅራፍ ያላስጣላትን ሙያ አንተ በአንድ ቃል ልታስጥላት መነሣትህ።

«ታዲያ የማይጠጣውስ?» አልክ፤ ይህን መጠየቅህ ጥሩ ነው። ለእሱም ማሽላው መልስ አለው። ሑሉ ሙር ይባላል፤ ጣፋጭና መራራ ማለት ነው። የማሽላ ብቅል ከቅመም ጋር ተቦክቶ በስሱ ይጋገራል፤ በረመዳን በውሃ ተዘፍዝፎ ጾመኛው ያፈጥርበታል፤ አያሰክርም። አንድ እህል ሁለቱንም ቤት ያጠጣል።

በል አሁን ጣሳውን አንሣ። መጀመሪያ አሽትተው፤ ጋኑ የታጠነበት ወይራ ቀድሞ ይመጣልሃል። ከዚያ አፍህን ሙላና ጥቂት አቆየው፤ የአሻሮውን ቆሎ ቆሎ ማለት፣ ከሥሩም ቀጠን ያለውን ኮምጣጣ ታገኘዋለህ። ጌሾው ግን የሚናገረው ከዋጥከው በኋላ ነው። ቅድም ሳትውጥ ነው የፈረድከው።

እትዬ፣ ይድገሙለት!