ባልዲው ከፎቶው ይውጣልን

እኛ የዋሆቹ ክረምት የሚገባው ሰኔ 26፣ የሚወጣው መስከረም 25 ነው እያልን ኖረናል። ለካስ ተሳስተናል! ክረምት የሚገባው አንዱ የመስኮቱን ጠብታ አንስቶ «ዝናብ፣ ቡና እና እኔ» ብሎ የለጠፈ ዕለት ነው። ከዚያ በፊት የዘነበው ሁሉ ልምምድ ነው።

ሙያው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ሐምሌ የእህቴ ልጅ እኛ ቤት መጥታ «የክረምት ቡና» ስታነሳ አጠገቧ ቆሜ አይቻለሁ። ከሰሉ ረጥቦ አልቀጣጠል ብሎ እናቴ ጎንበስ ብላ ታራግባለች፤ ዓይኗ በጭስ ቀልቷል። ልጅቷ ጭሱን ወደደችው።

«እማማ፣ እስቲ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፤ ጭሱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

እናቴ ፈቀቅ አለች። ጀበናው ጥላሸቱ ይታያል ተብሎ ታጠበ። ከጣሪያው የሚያፈሰውን የሚቀበለው ሰማያዊ ባልዲም ከረከቦቱ ጋር አይሄድም ተብሎ ወደ ጓዳ ተሸኘ። ውኃውን ግን ማን ያስረዳው? እዚያው ቦታ፣ ምንጣፉ ላይ፣ ጠብ ጠብ ማለቱን ቀጠለ። ልጅቷ ስኒውን ስታዟዙር፣ ወንበር ላይ ስትወጣ ስትወርድ፣ ፊልተር ስትመርጥ ቡናው በረደ። «ትኩስ ቡና» የሚለው ጽሑፍ ግን ሳይዘገይ ወጣ። (ሌንሱ በእንፋሎት ሲደበዝዝ በነጠላዋ ጫፍ የጠረገችው እናቴ ናት። ስሟ አልተጠቀሰም።)

ደመናውንም አትሙት። በደመና የተጣራ ብርሃን ለስላሳ ነው፤ ፊት ላይ ጥላ አይጥልም። ልብስ ገመድ ላይ ሰንብቶ ቢሸት፣ ፀሐይ የናፈቃት አሮጊት ጉልበቷን ቢቆረጥማት ምን ይደረግ? ዋናው የፊታችን ብርሃን ነው!

ሒሳቡንም እንይ። 40 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 400 ሊትር ውኃ ነው። አሸንዳ የሌለው የጭቃ ቤት ከዚህ ስንቱን በግድግዳው እንደሚጠጣ ያደረበት ያውቀዋል። ለፎቶ የምትበቃው ግን ጎመን ቅጠል ላይ ያረፈች አንዲት ጠብታ ናት። የቀረውን ባለቤቱ ይቻለው።

ጳጉሜ 3 ሲደርስ ደግሞ የሩፋኤል ዝናብ አለ። ድሮ ልጆች በረከት ነው እየተባሉ ራቁታቸውን ይጠመቁበት ነበር። አሁን መጠመቁ ብቻውን አይበቃም፤ ቪዲዮው ካላማረ ይደገማል። ዝናቡ ካባራስ? ያ ከፎቶ የተባረረ ባልዲ ሥራ የሚያገኘው ያኔ ነው፤ በረከቱ ከላይ ይደፋል። መስከረም ሲጠባ አደይ አበባውን ደፍጥጦ፣ መሐሉ ተጋድሞ «ተፈጥሮን እወዳለሁ» የሚለውንማ ምኑን ላውራው። አበባውም መወደዱን ከወገቡ ተሰብሮ አይቶታል።

ወደ ቤታችን ልመለስና፣ የቡናውን ፎቶ ለእናቴ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ስልኩን ራቅ ቀረብ እያደረገች ብዙ አየችው።

«ሲያምር!» አለች። «የማን ቤት ነው?»

ምንጣፉ የደረቀው ለመስቀል ነው።