ድምፅና ቪዲዮ የሚያጫውት አፕ እንዴት ይበላሻል

ድምፅና ቪዲዮ የሚያጫውት የስልክ አፕ ሠርታችሁ ሰው እጅ ሲገባ እንዲበላሽ ከፈለጋችሁ ኮዱን መንካት አያስፈልግም፤ ፍተሻውን ማበላሸት ይበቃል። ስብከት፣ መዝሙር፣ ትረካና የሬዲዮ ዝግጅት በአማርኛ የሚያቀርቡ አፖች በየጊዜው ይወጣሉ። ሐሳባቸው ጥሩ ነው፤ ዝግጅቱም ብዙ የተደከመበት ነው። የሚሰናከሉት ሥራውን ከሰው ጆሮ በሚያደርሰው የመጨረሻ እርምጃ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያለውን አሠራር የተከተለ ሁሉ ይሰናከላል። እያንዳንዱን ስህተት ከነተጎጂው የምጽፈው፣ ተጎጂው ከቢሮው ስለማይታይ ነው።

ከጠረጴዛችሁ አትነሡ። አፑን ኮምፒውተራችሁ ላይ ባለው ኢሙሌተር ብቻ ሞክሩት። ድምፁ የሚወጣው በኮምፒውተሩ ስፒከር ነው፤ ጉልበቱም የኮምፒውተሩ ነው። ስለዚህ 2 ጊጋ ራም ባለው ቴክኖ ወይም አይቴል ስልክ ላይ ቪዲዮው እየተቆራረጠ መሄዱን አታዩም። የአይፎኑ ሲሙሌተር ላይ ደግሞ እውነተኛው ስልክ ያለው ሳይለንት ማድረጊያ የለም። አፑ የማጫወቻ አፕ መሆኑን ለአይኦኤስ በግልጽ ካላሳወቀ፣ ስልኩ ሳይለንት ላይ በሆነ ቁጥር ድምፁ ይጠፋል። ዋሽንግተን ያለች እናት ሥራ ቦታ ስትገባ ሳይለንት ያደረገችውን ስልክ ማታ ቤቷ ሆና ትከፍታለች። ሰባኪው አፉን ሲያንቀሳቅስ ታያለች፤ ድምፅ ግን የለም። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻው ትጨምራለች፤ አሁንም የለም። እሷ «አይሠራም» ብላ ትጽፋለች፤ እናንተ «እኛ ጋ ይሠራል» ብላችሁ ትመልሳላችሁ። ሁለታችሁም የምትናገሩት እውነት ነው፤ ጉዳዩም እዚያው ይዘጋል።

ለመሞከሪያ አንድ ፋይል ብቻ ያዙ፤ «ቢግ በክ በኒ»ን። ብሌንደር ፋውንዴሽን በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ 10 ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ የአንድ ጥንቸል አኒሜሽን ነው። በነፃ ስለሚገኝና በጥንቃቄ ስለተዘጋጀ በየአገሩ ያለ ፕሮግራመር ይሞክርበታል። ነገር ግን ፊልሙ ውስጥ ማንም አይናገርም። ንግግር ከሌለ ደግሞ ድምፁ ከከንፈሩ ጋር መግጠም አለመግጠሙ አይታወቅም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው ምክረ ሐሳብ እንደሚለው፣ ድምፅ ምስሉን በ45 ሚሊሰከንድ ቢቀድመው ወይም በ125 ሚሊሰከንድ ቢዘገይበት ተመልካች ያስተውለዋል። የብሉቱዝ ማዳመጫ ብቻውን ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ማዘግየቱ የተለመደ ነው። ፕሌየሩ ምስሉንም በዚያው ልክ ካላቆየው፣ ጥንቸሉ ሲሮጥ ምንም አይታያችሁም፤ ፊቱ በቅርብ ተቀርጾ ወንጌል የሚያስተምር ሰው ሲሆን ግን ተመልካቹ ከሰባኪው ቃል ይልቅ ከንፈሩን ማየት ይጀምራል።

የአድማጮቻችሁን እውነተኛ ፋይል አትክፈቱ። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ መዝሙር አለ፤ ሲገለበጥ የአንደኛው ቻናል ሽቦ ተዛብቶ ሞገዱ ተገልብጧል። በኢርፎን ሲሰሙት እንግዳ ነገር ቢኖረውም ይሰማል። አንድ ስፒከር ብቻ ያለው ስልክ ሁለቱን ቻናሎች ሲደምራቸው ግን አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ የዘማሪው ድምፅ ይሰወርና ከኋላው ሹክሹክታ የመሰለ ነገር ብቻ ይቀራል። ቪዲዮም የራሱ አለው። የኤምፒ4 ፋይል ማውጫ መጨረሻው ላይ ከተጻፈ፣ አንዳንድ ሰርቨር ላይ ፕሌየሩ ፋይሉን ጨርሶ ሳያወርድ የመጀመሪያዋን ምስል ማሳየት አይችልም። ቢሮ ውስጥ ባለ 5 ሜጋባይት መሞከሪያ ይህ አይታወቅም፤ የሁለት ሰዓት ጉባኤ ላይ ይታወቃል። ማውጫውን ወደ ፊት ማምጣት ፋይሉ ሲዘጋጅ አንድ ትእዛዝ መጨመር ነው።

ኢርፎኑን አትንቀሉት። ኢርፎን ሲነቀል አንድሮይድ ድምፁን ወደ ስፒከር ከማዞሩ በፊት ለአፖች መልእክት ይልካል፤ መልእክቱን ተቀብሎ ማቆም የአፑ ድርሻ ነው። ጎግል በ2014 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ዛሬ «ሚዲያ3» በሚባለው የኮድ ስብስብ ውስጥ የተካተተው የአንድሮይድ ማጫወቻ፣ ኤክሶፕሌየር፣ ይህን በአንድ መስመር ኮድ ይሠራዋል፤ ካላዘዙት ግን አይሠራውም። መስመሩን እርሱት። ሪያድ ወይም ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ሥራዋን ስትጨርስ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፏል። ኢርፎኗን ሰክታ ጋደም ትልና ከአገሯ የመጣ ትረካ ታዳምጣለች። ስትገላበጥ ገመዱ ትራሱ ሥር ይያዝና ይነቀላል። አፑ አያቆምም፤ ተራኪው በስልኩ ስፒከር የተኙት አሠሪዎቿ ቤት ውስጥ መናገሩን ይቀጥላል። በጨለማ ስልኩን ትዳብሳለች፤ ስክሪኑ ተቆልፏል፤ የተቆለፈው ስክሪን ላይ የማቆሚያ ቁልፍ የለም፤ እሱንም አልፈተሻችሁትምና። ቮልዩሙን ደጋግማ እየተጫነች ታወርደዋለች። ስልክ መያዝ በአሠሪ ፈቃድ በሚሆንበት ቤት፣ በዚያች ሌሊት የተሰማው ድምፅ ስልኩን ሊያስወስድባት ይችላል። ፍተሻው የሚጠይቀው ገመዱን ነቅሎ ማየት ነው፤ ከዚያም ብሉቱዙን አጥፍቶ ማየት። ከዚህ የቀለለ ፍተሻ አላውቅም፤ ሲዘለል የሚያናድደኝም ለዚህ ነው።

ስትሞክሩ ማንም አይደውልላችሁ። አንድሮይድ ላይ ድምፅ ማሰማት የሚፈልግ አፕ «ኦዲዮ ፎከስ» የሚባለውን ተራ መጠየቅ አለበት፤ ተራው ሲነጠቅም ለጊዜው ነው ወይስ ለቋሚው ብሎ መለየት አለበት። የስልክ ጥሪ ለጊዜው ነው፤ ሲያልቅ ካቆመበት ይቀጥላል። አድማጩ ሌላ ሙዚቃ ሲከፍት ግን ለቋሚው ነው፤ አፑ ተመልሶ መምጣት የለበትም። ተራውን አትጠይቁ፤ ሁለቱንም አትለዩ። ያን ጊዜ ሰውየው የለቅሶ መርዶ በስልክ ሰምቶ ሳይጨርስ ጀርባው ላይ ዘፈን ይቀጥላል። አዳዲሶቹ አንድሮይዶች የዚህን ከፊል ራሳቸው ይሸፍናሉ፤ አሮጌው ስልክ ግን ገና በሰው እጅ ነው።

ስልኩን ከኮምፒውተሩ በዩኤስቢ እንደሰካችሁ ሞክሩ። ይህኛው ጥንቁቅ ሰውንም ያታልላል። በ2015 እ.ኤ.አ. ከወጣው አንድሮይድ 6 ጀምሮ ስልክ ሳይነካ ሲቆይ ባትሪ ለመቆጠብ ወደ እንቅልፍ የሚገባበት ሥርዓት አለ፤ ቻርጅ ላይ ሳለ ግን አይገባም። በዩኤስቢ የተሰካ ስልክ ደግሞ ቻርጅ ላይ ነው። ስለዚህ እናንተ ጋ መጽሐፉ ሦስት ሰዓት ያለማቋረጥ ይተረካል። ስልኩን መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ እንጀራ የምትጋግረዋ ሴት ጋ ግን፣ እጇ ሊጥ እንደነካ በመሐል ዝም ይላል። የስልክ አምራቾችም በላዩ የራሳቸውን ባትሪ ቆጣቢ ይጨምራሉ፤ ሥራቸው ከአምራች አምራች ይለያል። ስልኩን ነቅሎ፣ ስክሪኑን አጥፍቶ፣ አንድ ሙሉ ዝግጅት እስከ መጨረሻው ማዳመጥ ጊዜ ይፈጃል። ፍተሻ ሲባል አድማጩ የሚያጠፋውን ያህል ጊዜ ማጥፋት ነው፤ በእኔ እምነት ከዚህ ያነሰው ሁሉ ግምት ነው።

ኔትወርኩን «አለ» ወይም «የለም» ብላችሁ ብቻ ፈትሹ። የበረራ ሞድን አብሩ፣ አጥፉ፣ ጨረስን በሉ። አድማጮቻችሁ የሚኖሩት ግን በሦስተኛው ሁኔታ ውስጥ ነው፤ ምልክቱ አለ፣ 4ጂ ይላል፣ ምንም አይመጣም። ግንኙነቱ ሳይቋረጥ ዳታው ይቆማል። ኤክሶፕሌየር ሲጀመር ካልተቀየረ በቀር እንዲህ ላለ ዝምታ የሚታገሰው 8 ሰከንድ ነው፤ ደጋግሞ ሞክሮ ካልተሳካለት በኋላ ምን እንደሚሆን የሚወስነው የእናንተ ኮድ ነው። ተሽከርካሪውን ክብ ለዘላለም እንዲዞር ተዉት፤ ወይም ከዜሮ ደቂቃ አስጀምሩት። ዋይፋይ ሲጠፋ ደግሞ ሳትጠይቁ ወደ ሞባይል ዳታ አሻግሩት፤ ለወሩ የተገዛው ፓኬጅ በአንድ ቪዲዮ ያልቃል።

ስለ ፋይል ስም አጭር ነገር። የወረደውን ድምፅ በሙሉ ርእሱ፣ ከዘማሪውና ከአልበሙ ስም ጋር አስቀምጡት፤ ስትሞክሩ ግን ርእሱን በእንግሊዝኛ ፊደል «Test 1» በሉት። የስልክ ማከማቻ ለአንድ ስም የሚፈቅደው 255 ባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ከ85 ፊደል ሲያልፍ ማውረዱ ይከሽፋል፤ የሚከሽፈውም ረጅም ርእስ ያላቸው ላይ ብቻ ስለሆነ ምክንያቱን የሚያገኘው የለም።

በመጨረሻ ቅሬታ ሲመጣ የስልኩን ሞዴል፣ አድማጯ በምን ታዳምጥ እንደነበርና የት ደቂቃ ላይ እንደቆመ አትጠይቁ። «አጥፍተው እንደገና ይጫኑት» ብላችሁ መልሱ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአንድ ሰዓት ድምፅ 58 ሜጋባይት ገደማ ነው። ደሴ ያለች አድማጭ ዐሥር ሰዓት የሚያህል ትምህርት በፓኬጇ አውርዳ ከነበረ፣ በአፑ የግል ማከማቻ የተቀመጠው ፋይል አፑ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ 580 ሜጋባይት ገደማ እንደገና መግዛት አለባት። ገዝታ ስትጭነውም ያንኑ ሥሪት ነው የምታገኘው።