አምስት መንደር በአንድ ጀንበር

አንድን አገር አይቶ ለማወቅ ምን ያህል ጊዜ ይበቃል የሚለው ጥያቄ ቀደምት መንገደኞችን ሲያከራክር የኖረ ቢሆንም፣ በሰሜን ምዕራብ ኢጣሊያ፣ በሊጉሪያ ጠረፍ ለሚገኙት አምስት መንደሮች በዚህ ዘመን የማያዳግም መልስ ተገኝቶለታል፤ መልሱም አንድ ቀን ነው፣ ለዚያውም ምሳና አይስክሬም ተጨምሮበት። ቺንኩዌ ቴሬ በሚል የወል ስም የሚታወቁት እነዚህ መንደሮች፣ ማለትም ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈሩ ሲሆን (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ በ1999 ደግሞ አካባቢያቸው ከ3,800 ሄክታር ጥቂት ከፍ የሚል ስፋት ያለው ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ብሔራዊ ፓርክ ሲባል ዋልያና ኒያላ ትዝ የሚለው አንባቢ እዚህ ቅር ሊለው ይችላል፤ የዚህ ፓርክ ትልቁ ሀብት የዱር እንስሳ ሳይሆን ካብ ነውና።

ካቡ ደረቅ ካብ ነው፤ ይኸውም ጭቃም ሆነ ኖራ ሳይገባበት ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተመረጠ የሚደረደርበት፣ ወደ ባሕሩ በተደፋው ገደል ላይም የወይን እርከን የሚዘረጋበት ጥበብ ነው። ገበሬዎቹ ለአንድ ሺህ ዓመት ገደማ ድንጋዩን ከአፈሩ እየለዩ፣ የካቡት ካብ ሁሉ አንድ ላይ ቢቀጠል በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር እንደሚሆን ይነገራል፤ በ2011 በዚያው በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈሩትን የኮንሶ እርከኖች ያየ ሰው ድካሙን ለመገመት አይቸገርም። ደረቅ ካብ የዝናቡን ውኃ በድንጋዮቹ መካከል እያሳለፈ አፈሩን ይይዛል፤ ሆኖም አንድ ድንጋይ ወድቆ በጊዜው ካልተመለሰ ውኃው ከኋላ እየገፋ ካቡን ወደ ፊት ይነፋዋል፣ ከጥቂት ክረምት በኋላም ካቡ ከነእርከኑ ይናዳል። የጎብኚ መምሪያዎች ግን መንደሮቹን የዓሣ አጥማጆች መንደሮች ማለትን ይመርጣሉ፤ ነዋሪዎቹ ከመረብ ይልቅ በወይን ሲተዳደሩ መኖራቸው ለፎቶ የሚመች አይደለም፤ ጀልባ ግን ይመቻል።

የዘመኑ ጎብኚ ጠዋት ከላ ስፔዚያ ከተማ በሚነሣው ባቡር ይሳፈራል። ሐዲዱ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ተራራውን በመብሳት የተዘረጋ በመሆኑ፣ ከመንደር መንደር ያለው ጉዞ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚፈጅና አብዛኛው በዋሻ ውስጥ የሚያልፍ ነው፤ ስለዚህም ጎብኚው በዓለም ስመ ጥር ከሆኑት የባሕር ዳርቻዎች አንዱን በጨለማ ያቋርጠዋል። ይህንን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ፤ ዳሩ ግን በቀደመው መንደር ከተነሡት ፎቶዎች መካከል የሚለጠፈውን ለመምረጥ ከዋሻ ጨለማ የተሻለ ቦታ ከወዴት ይገኛል?

ለዚህ ሥርዓት ያልተገራችው ኮርኒሊያ ብቻ ናት። ሌሎቹ አራቱ መንደሮች እስከ ውኃው ድረስ ወርደው እንግዳ ሲቀበሉ፣ እርሷ ከባሕሩ 100 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በአምባ ላይ ተቀምጣለች፤ ከጣቢያው ወደ መንደሯ የሚያደርሰው ላርዳሪና የተባለው መወጣጫም ከ370 በላይ ደረጃዎች አሉት። የጉብኝት ሊቃውንት ለዚህም መላ አላጡም፤ ከባቡሩ ወርዶ፣ የጣቢያውን ስም ከያዘው ሰሌዳ ሥር ቆሞ ፎቶ ተነሥቶ፣ በሚቀጥለው ባቡር መሳፈር። ኮርኒሊያ ታየች፤ አምስቱም ሞሉ። ከየመንደሩ በላይ በተራራው ላይ ያሉት አምስቱ ጥንታውያን የማርያም መሳለሚያዎች ደግሞ ዳገቱን በእግር መውጣት ስለሚጠይቁ ከዝርዝሩ ተሰርዘዋል፤ ቅዱሳን ቦታዎች ጸጥታቸውን ጠብቀው መቆየት የቻሉት በዚህ ውለታ ነው።

የዕለቱ ሥራ ፍጻሜ የሚያገኘው ማናሮላ ላይ፣ ከወደቡ ማዶ ባለው ፑንታ ቦንፊሊዮ በተባለው አፋፍ ነው። በዚያ ስፍራ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በተራ፣ ፊቱን ለስልኩ ጀርባውን ለመንደሩ ሰጥቶ ይቆማል፤ የሚነሣው ፎቶ አስቀድሞ በሺህ ሰዎች የተነሣ ስለሆነ ጎብኚው ያልጠበቀውን ነገር የማየት አደጋ አያሰጋውም። የመንደሩ መካነ መቃብርም እዚያው አፋፉ ላይ ነው። ከፊት ለፊት የሚታየውን ካብ ሲክቡ ኖረው ያለፉት ሰዎች ያረፉበት ይህ ቦታ ግን ከፎቶው ፍሬም ውጪ ይቀራል፤ አቀማመጡ ለጎብኚው የተጨነቀለት ይመስላል።

በእግር መሄድ የሚሻ ጎብኚ ፈጽሞ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ሴንቲዬሮ አዙሮ፣ ማለትም ሰማያዊው መንገድ፣ መንደሮቹን በባሕሩ ዳር የሚያያይዝ የቆየ የእግር መንገድ ሲሆን፣ ጎብኚው ይህንን ወጣ ገባ መንገድ በነጠላ ጫማ የመጀመር ልማድ አዳብሯል። በዚህ ጀግንነት ያልተደነቀው የፓርኩ አስተዳደር በ2019 ተገቢ ጫማ ሳያደርግ የሚገኝ ሰው ከ50 እስከ 2,500 ዩሮ ሊቀጣ እንደሚችል አስታወቀ፤ ነጠላ ጫማ ከወይን ጠጅ ይልቅ የሚወደድበት አገር በዚህ መንገድ ተገኘ። ሪዮማጆሬንና ማናሮላን የሚያገናኘው፣ ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ የማይሞላው የፍቅር መንገድ ደግሞ በመስከረም 2012 በድንጋይ ናዳ ሰዎች ከተጎዱበት በኋላ ተዘግቶ፣ ከ20 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ወጥቶበት በ2024 በሰዓት በተወሰነ ቲኬት ተከፍቷል። ፍቅር በቀጠሮና በተመደበ ሰዓት መሆኑ ለሥርዓቱ እንጂ ለፍቅሩ ምን ያህል እንደበጀ ባለቲኬቶቹ ያውቁታል።

ጥቅምት 25 ቀን 2011 ከባድ ዝናብ ወርዶ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን በጎርፍና በጭቃ ሲቀብር፣ የሰው ሕይወትም ሲያጠፋ፣ የዝናቡ ብርታት ዋናው ምክንያት ቢሆንም ጠባቂ ያጣ እርከን ምን ያህል በቀላሉ እንደሚናድ በግልጽ ታይቷል። ለነገሩ ገበሬው እርከኑን መተው የጀመረው ጎብኚው ከመብዛቱ በፊት፣ በላ ስፔዚያ የነበሩት የባሕር ኃይል የመርከብ መሥሪያና ፋብሪካዎች ወርኃዊ ደመወዝ ሲያሳዩት ነው፤ ጎብኚው የማስጨረሱን እንጂ የመጀመሩን ክብር ሊወስድ አይገባውም። ዛሬ የገበሬው ልጅ ከአንድ ክፍል ኪራይ የሚያገኘው ገንዘብ፣ በገደል ላይ ጎንበስ ብሎ ከሚለቅመው ወይን ከሚያገኘው ይበልጣል፤ ስለዚህ ያንን መልክዓ ምድር ሊያደንቅ የመጣው እንግዳ መልክዓ ምድሩን የሚሠራውን ሰው ከካብ ላይ አውርዶ አልጋ አንጣፊ ያደርገዋል። ወይኑ በጥላ ደርቆ የሚጠመቀውና ሻኬትራ የተባለው ጣፋጭ ጠጅ ምርቱ ጥቂት፣ ዋጋውም ውድ በመሆኑ፣ እንግዳው ብርጭቆው ማነሱን ታዝቦ የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ገዝቶ ይመለሳል።

ነገሩ እዚህ ከደረሰ ዘንዳ ለሁሉም ወገን የሚበጅ አንድ ሐሳብ ማቅረብ ይቻላል። ይኸውም አምስቱ መንደሮች በላ ስፔዚያ ጣቢያ በአንድ ረጅም ግድግዳ ላይ፣ ከነጀልባቸውና ከነጀንበር መጥለቂያቸው፣ በመጠናቸው ልክ እንዲሣሉ፣ ጎብኚውም በፊታቸው እየተራመደ በሩብ ሰዓት አምስቱንም ፎቶ ተነሥቶ እንዲጨርስ ነው። በዚህ መላ ከባቡር ግፊያ ይድናል፤ የኮርኒሊያ ደረጃም አያስጨንቀውም፤ ነጠላ ጫማውን እንደተጫማ ያለ ቅጣት ሊመላለስ ይችላል፤ ከሁሉም በላይ ለቀጣዩ ከተማ ግማሽ ቀን ይተርፈዋል። ግድግዳው ግን የሲሚንቶ መሆን ይኖርበታል፤ ደረቅ ካብ ከሆነ በየክረምቱ የሚጠግነው ሰው ማግኘት ያስቸግራል።