ዜሮ ያመጣ ይለፍ

ተማሪ ሳለን ዜሮ ያመጣ ልጅ በማግስቱ ወላጅ ይዞ እንዲመጣ ይታዘዝ ነበር። እኔ አሁን በምውልበት በሊኑክስ ከርነል ውስጥ ግን የሚያልፈው ዜሮ ያመጣው ነው።

ከርነል የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው፤ አንድ ፕሮግራም ፋይል ልክፈት ሲል የሚለምነው እሱን ነው። መጀመሪያ የተለመደው ፈቃድ ይታያል፤ ፋይሉ የማን ነው፣ ማንስ እንዲያነበው ተፈቅዷል? ይህን ያለፈ ጥያቄ ወደ ደኅንነት ሞጁሎቹ፣ ወደ ኤስኢሊኑክስ፣ ስማክ፣ አፕአርሞርና መሰሎቻቸው ይመራል። እነሱ የሚመልሱት በቁጥር ነው። ዜሮ ካሉ እለፍ፣ ኔጌቲቭ 13 ካሉ ተከልክለሃል ማለት ነው። የፎቅ ዘበኛ በሏቸው፤ የበሩ ዘበኛ ያስገባውን ሰው ደረጃው ላይ ሊመልሱት ይችላሉ፣ የበሩ ዘበኛ የመለሰውን ግን ጠርተው አያስገቡም። ሥልጣናቸው እምቢ ማለት ነው። ደስ የሚል ሥልጣን!

እኔ ደግሞ በእነዚህ ሞጁሎች ላይ ሰዎች የሚያቀርቡትን የኮድ ለውጥ አነባለሁ። አክስቴ ሥራዬን ለመረዳት የቻሉትን ያህል ሞክረዋል።

«ታዲያ አንተ ምን ትጽፋለህ?»

«እኔ አልጽፍም፤ ሌሎች የጻፉትን አነባለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አይሆንም እላለሁ።»

«ለዚህ ነው የሚከፍሉህ? አባትህ ዕድሜውን ሙሉ በነጻ ሲሠራው የኖረውን!»

እውነታቸውን ነው። ሌላ ቦታ ነገረኛ የሚያሰኝ ጠባይ እዚህ ችሎታ ይባላል፤ ሙያውም ሲጀመር ከጠብ ነው የተወለደው። በ2001 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ ከርነሉማ ከ1970 ወዲህ ያለውን ሰከንድ እንጂ የማንንም ዓመት አይቆጥርም) የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ኤስኢሊኑክስን ይዞ ቀረበ። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ በደኅንነት ሰዎች መካከል ዳኛ ሆኖ መቀመጥ አልፈለገም፤ ሁሉም የየራሱን ሞጁል የሚሰካበት የጋራ ማዕቀፍ ሥሩ አላቸው። ማዕቀፉ በ2003 ከ2.6 ከርነል ጋር ወጣ። በ2007 ስማክ ብቅ ሲል «ኤስኢሊኑክስ ካለ ማዕቀፉ ራሱ ምን ይሠራል? ይነሳ!» የሚሉ ተነሱ። ሊነስ ማዕቀፉ ይኑር አለ፤ ምክንያቱም እናንተ መቼም አትስማሙም። ስማክ በ2008 ገባ፣ ከጃፓን ቶሞዮ በ2009፣ አፕአርሞር በ2010። ማንንም አለማመን እንጀራቸው የሆነ ሰዎች እርስ በርስ እንዲተማመኑ መጠበቅ የዋህነት ነው።

በጥቃቅን ነገር ለምን እንደምንደርቅ የሚያስረዳልኝ የ2003ቱ ታሪክ ነው። በዚያ ዓመት ኖቬምበር ላይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው ዌይት4 በሚባለው የከርነሉ ክፍል ሁለት መስመር አስገባ። ላይ ላዩን ሲያነቡት የጨዋ ቁጥጥር ነው፤ ሁለት የተወሰኑ አማራጮች አብረው ከመጡና የተጠቃሚው ቁጥር ዜሮ ከሆነ «ስህተት» ብለህ መልስ ይላል። ነገር ግን በሲ ቋንቋ «እኩል ነው ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ የእኩል ይሆናል ምልክት ሁለት ጊዜ ይጻፋል። አንድ ጊዜ ብቻ ከተጻፈ ጥያቄነቱ ይቀርና ትእዛዝ ይሆናል። ሰውየው አንዷን አስቀርቷታል። ስለዚህ መስመሩ ተጠቃሚው ዜሮ መሆን አለመሆኑን አይጠይቅም፤ ዜሮ ያደርገዋል! በዩኒክስ ዓለም ደግሞ ቁጥሩ ዜሮ የሆነ ሰው ሩት ነው፤ የማሽኑ ጌታ። ሲ ዜሮን እንደ ሐሰት ስለሚቆጥረው «ስህተት» የሚለው መልስም አይመጣም፤ ሹመቱ ኮሽታ ሳያሰማ ይጸድቃል።

ማን ያዘው? የኮድ አንባቢ ቢሆን ደስ ባለኝ። ለውጡ የተሸጎጠው በዋናው መዝገብ ሳይሆን ሲቪኤስ በሚባለው ቅጂ ላይ ነበር፤ ሁለቱ ሲመሳከሩ የማጽደቂያ መረጃ የሌለው ለውጥ ተገኘ። ያተረፈን ማመሳከር ነው። የሙያ ባልደረቦቼ ታሪኩን ሲያወሩ እዚህች ክፍል ላይ ሲደርሱ ፈጠን ይላሉ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ የእህቴን ልጅ የሒሳብ ደብተር ስመለከት እንኳ ሁለተኛዋ ምልክት የት ሄደች እላለሁ።

አንድ ሺህ መስመር ያለው ለውጥ ሲመጣ ሁሉም ሥራ ይበዛበታል፤ ሦስት መስመር ሲመጣ ግን ያልተጠራ ሊቅ አይቀርም። የከርነሉ የአጻጻፍ ደንብ ኮዱ ወደ ውስጥ ሲገባ ስፋቱ ስምንት ፊደል ይሁን ይላል፤ የዘበኛው ውሳኔ ትክክል መሆኑን ሳያይ በባዶው ቦታ ብቻ ሲሟገት የሚውል አንባቢ አለ። በ2021 ደግሞ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ማስተካከያ አስመስለው ሆን ብለው እንከን ያዘለ ለውጥ ለጥናት መላካቸው ባስነሳው ጠብ ዩኒቨርሲቲው በሙሉ ወደ ከርነሉ ለውጥ እንዳይልክ ታገደ። እኔን ከዚያ ወዲህ የሚያሰጋኝ ትሕትና ነው። «ትንሽ ማስተካከያ ናት፣ ስላስቸገርኩ ይቅርታ» የሚል ሲመጣ ቡናዬን አስቀምጬ ነው የማነበው።

ይህ የሩቅ ሰው ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። ከ2014ቱ አንድሮይድ 5 ወዲህ ኤስኢሊኑክስ አንድሮይድ ስልክ ላይ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ነው፤ አክስቴም በቦርሳቸው ይዘውት ይዞራሉ። ሰርቨር ላይ ግን ዕጣ ፈንታው ሌላ ነው። ሴትኤንፎርስ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ ከኋላው ዜሮ ሲጻፍ ኤስኢሊኑክስ ያጉረመርማል እንጂ አይከለክልም። ለዓመታት የተከራከርንበት ጥበቃ በአንድ አሃዝ ይተኛል።

ባለፈው ሰሞን አንድ ወዳጄ ደወለልኝ።

«ይሄ የእናንተ ነገር ዌብሳይቴን አላሠራ አለኝ። ዜሮ ላድርገው?»

«ቆይ እንጂ! ለምን እንደከለከለህ ሎጉ ላይ ጽፎልሃል፤ አንብበው።»

«ማንበብ ያንተ ሥራ አይደለም እንዴ?» አለኝ።