ሞተሩ ምን በደለ?

እዚህ ጅማ፣ ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ውስጥ የአሮጌ ፒካፕ ባለቤቶች ስንገናኝ ሰላምታ አናበዛም። የልጆችን ደህንነት ከተጠያየቅን በኋላ ቀጥታ «ውሃ መጨረሷን ተወች ወይ?» ነው። አንዱ «እሱንስ ተወች፣ አሁን ዘይት ጀመረች» ይላል። ሌላው ጭሷ ከጥቁር ወደ ነጭ መዞሩን ያወራል። ሦስተኛው ዝም ካለ ሞተር አስወርዶ መጥቷል ማለት ነው፤ እሱ አይጠየቅም፣ ኀዘን ላይ ነው።

እሮሮዬ ስለ ሚትሱቢሺ ኤል 200፣ በተለይም 4ዲ56 ስለሚባለው ቱርቦ ናፍጣ ሞተሯ ነው። መሥሪያ ቤቱም እርዳታ ድርጅቱም ለዓመታት ነድተው ነድተው በጨረታ ሸጧት። ነጋዴው ገዛ፣ ቀለም ቀባ፣ ለሌላ ነጋዴ ሸጠ። እኛ እጅ ስትደርስ ከሊብሬዋ በቀር የሚታወቅ ታሪክ የላትም። ኪሎሜትሯ ወይ ቆሟል ወይ ወደ ኋላ ተመልሷል። እንግዲህ አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ነውና እኛም አንተኛም።

ሞተሩን ልሰድብ አፌን ስከፍት ግን ያሳፍረኛል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የወጣ፣ አራት ሲሊንደር ያለው፣ 2,477 ሲሲ ሞተር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 91.1፣ የፒስተኑ ምት 95 ሚሊሜትር። ከታች ብሎኩ ብረት፣ ከላይ ቴስታታው አልሙኒየም። ናፍጣውን የሚያከፋፍለው ኮምፒውተር አይደለም፤ በቺንጋ የሚዞር ፖምፓ ነው፤ ስለዚህ ሰርቦ ላይም አሰንዳቦም ላይ ብትቆም ቁልፍና ካቻቪቴ የያዘ ሰው ይደርስላታል። ቱርቦ ይዞ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል። ኮሪያዎቹም ወደውት ሃዩንዳይ በፈቃድ ሲያመርተው ኖሯል። መጥፎ ሞተር ይህን ያህል ዕድሜ አያገኝም።

ቱርቦውም ለቅንጦት የመጣ አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል 1,750 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፤ እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። አዲስ አበባ ሲደርሱ ጉድለቱ ወደ ሩብ ይጠጋል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር የዴዶን ዳገት እሸት ቡና ጭኖ ሲወጣ የሚያቃስተው በቂ አየር ስለማያገኝ ነው። ቱርቦው የጎደለውን አየር በግድ ይሞላለታል። ለደጋ ሰው የተላከ በረከት ነበር፤ አያያዙን ማን ነገረን?

ቱርቦ በጭስ ኃይል በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ተደግፎ የሚዞረውም በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ነው። ከጊቤ በረሃ ዳገቱን እየነፋች የወጣች መኪና ገና ከመቆሟ ቁልፉ ሲነቀል ዘይቱ መፍሰሱን ያቆማል፣ የጋለው ቱርቦ ውስጥ የቀረው ዘይት ደግሞ ተቃጥሎ ከሰል ይሆናል። መድኃኒቱ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማስቆየት ነበር። ታዲያ ሾፌራችን ሻይ ቤቱን ሲያይ ማን ይይዘዋል? ናፍጣ በዚህ ዋጋ ቆሞ ሲቃጠል ማየትም ያንገበግባል። ስለዚህ ናፍጣ እንቆጥባለን፤ በቆጠብነው ቱርቦ እንገዛለን። ሰማያዊ ጭስ ስታወጣ ደግሞ «ፋሻ ጨርሳለች» ተብሎ ሞተር ይወርዳል፤ ቱርቦው ዘይት እንደሚያሳልፍ የሚታወቀው ፋሻው ከተቀየረ በኋላ ነው።

ወደ ቺንጋው ልምጣ። 4ዲ56 ውስጥ ሁለት ቺንጋ አለ። ትልቁ ካምሻፍቱንና ፖምፓውን ያዞራል፤ ትንሹ ደግሞ ንዝረት የሚያስታግሱትን ዘንጎች። ብዙ ሰው ትልቁን ቀይሮ ትንሹን «ገና ነው» ብሎ ይተወዋል፤ ሜካኒኩም «ይቅር ካሉ ይቅር» ይላል። ትንሹ አንድ ቀን ሲበጠስ ትልቁ ላይ ይጠመጠምና ይዞት ይወድቃል። ያኔ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ፣ ቫልቮቹን የሚረግጡት ክንዶች ይሰበራሉ፣ ካምሻፍቱም ሊሰበር ይችላል። ይህ ሁሉ 100,000 ኪሎሜትር ሳይሞላ ሁለቱን አንድ ላይ ባለመቀየር የሚመጣ ጣጣ ነው። መኪናዋ ደግሞ ቀን ትመርጣለች፤ ጥቅምትና ኅዳር፣ ቀይ ቡና ሲለቀም። እሸት ቡና በዚያው ቀን መፈልፈያ ካልደረሰ ጆንያው ውስጥ ይሞቃል፣ ይብላላል፤ ታጥቦ ይሸጣል የተባለው ጀንፈል ሆኖ ይቀራል። የቺንጋው ዋጋ እዚህ ላይ ነው የሚሰላው።

የሙቀቱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ እሮሮ ነው። አልሙኒየሙ ቴስታታ ከብረቱ ብሎክ ይበልጥ በሙቀት ይለጠጣል፤ አንዴ በደንብ ከፈላች ወይ ይጣመማል ወይ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። የዚህ ሞተር ስስ ጎን እዚያ ጋ መሆኑን ዓለም ሁሉ ያውቃል። እኛ ግን እናግዘዋለን። ባለፈው ክረምት አንድ ጋራዥ ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ሜካኒኩ ተርሞስታቷን ነቅሎ አሳየኝ። ከቡና ሲኒ አፍ አትበልጥም፤ ዳሯ ዝጎ ተቦርቡሯል፣ ስፕሪንጓ የወንዝ ደለል ለብሷል።

«ጋሼ፣ ይቺ ለብርድ አገር የተሠራች ናት። ትውጣና ውሃው እንደልቡ ይሂድ» አለኝ።

«ልጄ፣ አዲስ ግዛና ግጠምልኝ» አልኩት።

«እርስዎ ካሉ» ብሎ የነቀላትን ወደ ጣሳ ወረወራት። ጣሳው ውስጥ ከሌሎች ሞተሮች የወጡ እህቶቿ ተከምረዋል፤ አንዳቸውም በአዲስ አልተተኩም።

ተርሞስታት ሲወጣ ሞተሩ በጅማ ዝናብ ቀኑን ሙሉ ሳይሞቅ ይውላል። ቀዝቃዛ ሞተር ናፍጣውን ጨርሶ አያቃጥልም፤ የተረፈው የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት እያጠበ ፋሻውን ይበላል። ሳይሞቅ የዋለው ሞተር ጊቤ ሲደርስ ግን መፍላቱን አይተውም፤ ምክንያቱም ሕመሙ ሌላ ቦታ ነው። በጅማ ከፍታ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ራዲያተር ውስጥ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት አፍኖ ስለሚይዝ ነው። የእኛ ክዳን ጎማው አልቋል፤ አንዳንዱ ላይ በላስቲክ ተጠቅልሏል። ኩላንት በሚሞላበት ቦታ የወንዝ ውሃ እንሞላለን፣ ዝገቱና ደለሉ የራዲያተሩን ቱቦዎች ይደፍናል፣ ከዚያ «ሚትሱቢሺ ትፈላለች» እንላለን። ቴስታታው ሲሰነጠቅ ብየዳ፣ ከብየዳው በኋላ ረቲፊካ፣ ዓመት ሳይሞላ እንደገና ረቲፊካ። በተላጨ ቁጥር እየሳሳ፣ ቫልቮቹ ወደ ፒስተኖቹ እየቀረቡ ይሄዳሉ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው።

ናፍጣውስ? የዚህ ሞተር ፖምፓ የሚለሰልሰው በሚያልፍበት ናፍጣ ነው። ማደያ ላይ ሰልፉ መንገድ ዘግቶ ሲያድር ጀሪካን ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፤ በጀሪካኑ ውስጥ ስንት እጅ ናፍጣ፣ ስንት እጅ ነጭ ጋዝ፣ ስንት እጅ የዝናብ ውሃ እንዳለ የሚያውቀው እሱና ፈጣሪ ናቸው። ነጭ ጋዝ ለፖምፓው ደረቅ ነው፤ ውሃ ደግሞ ኖዝሉን ያዝገዋል። ከፊልትሮው ሥር ውሃ የምታፈስ ትንሽ ቡሎን አለች። በክረምት በየሳምንቱ ብትከፈት ብዙ ፖምፓ ይተርፍ ነበር። መኖሯን የሚያውቅ ሾፌር ግን ከስንት አንድ ነው። ይህ ሁሉ ሳያንስ ጉልበት ያነሰን ሲመስለን «ፖምፓዋን ጨምርልኝ» እንላለን። ናፍጣው ይጨምራል፣ አየሩ ግን ያው ነው፤ ትርፉ ከኋላችን ለሚመጣ ባለባጃጅ የሚደርሰው ጥቁር ጭስና ቴስታታውን የሚጠብሰው ሙቀት ነው።

የመለዋወጫው ነገር ደግሞ ሌላ። ሶማሌ ተራ ደውላችሁ ቴስታታ ስትጠይቁ «ኦርጅናል፣ የዱባይ ኦርጅናል፣ ወይስ ቻይና?» ትባላላችሁ። ኦርጅናል ሁለት ዓይነት እንዴት ሊሆን እንደሚችል የሚጠይቅ የለም። ዲናሞ ስትገዙ ደግሞ ተጠንቀቁ። በዚህ ሞተር ላይ ፍሬኑን የሚያቀልለው አየር መጣጭ ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ነው የተገጠመው። የዲናሞው ጀርባ ተበላሽቶ ወይም ሳይመሳሰል ከተገጠመ ባትሪው ይሞላል፣ ፍሬኑ ግን እንደ ድንጋይ ይደርቃል። ይህን ከሶኮሩ ወደ ጊቤ ስትወርዱ ማወቅ አይመረጥም።

እዚሁ ኪቶ ፉርዲሳ፣ ከአጥሩ ወዲያ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ ሜካኒካል ምህንድስና ይማሩበታል። ከአጥሩ ወዲህ የእኛ ሞተር በጆሮ ይመረመራል፤ የሲሊንደር ግፊት መለኪያ ያለው ጋራዥ ፈልጉ ብትባሉ ቀኑ ይመሽባችኋል። ተማሪዎቹ ለልምምድ፣ ጋራዦቹ ለመሣሪያ፣ እኛ ለእውነተኛ ምርመራ ተቸግረናል። ሦስታችን በአንድ ሰፈር ውለን አንገናኝም።

«ታዲያ ሽጠህ ሌላ አትገዛም?» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተባለ። ሐሳቡ አይጠላም፤ ጭስም የውጭ ምንዛሪም አለበት። ነገር ግን ገበያው ሲጠብ አገር ውስጥ ያለው ሁሉ ዋጋው ወጣ፣ አሮጌውም ጭምር። በሊሙ ጭቃ ጆንያ ጭኖ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ፒካፕ እስኪመጣልን እኛና 4ዲ56 ተፋተን አንፋታም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ ሞተሩ ንጹህ ዘይት፣ ንጹህ ናፍጣ፣ ኩላንት፣ ጤነኛ ክዳንና በጊዜው የተቀየረ ቺንጋ ጠየቀ። ከዚህ በላይ አልጠየቀም። እኛ አንዱንም በወጉ ሳንሰጠው አሥርና ሃያ ዓመት ተሸከመን። ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ልትገዙ ከሆነ ቀለሟን አትዩ፤ ጎማዋንም አትቁጠሩ። ሻጩን ሁለቱ ቺንጋዎች መቼ እንደተቀየሩ ጠይቁት። ካላወቀ አልተቀየሩም፤ ዋጋውን ከመቁረጣችሁ በፊት የሁለቱን ቺንጋ ሂሳብ ቀንሱ።