ትራፊኩ እኔ አይደለሁም

በቨርጂኒያዋ ፎልስ ቸርች አካባቢ የሚኖር ጨዋ ሰው ሁሉ ትራፊክ ይጠላል። መኪናውን ግን ይወዳል። የእሱ መኪና ትራፊክ አይደለችማ! እሷ ለጉዳይ የወጣች ናት፤ ትራፊክ የሚባለው ከፊቷ የተገተረው ነው። ስለዚህ ግዙፍ መደብር ሊከፈት ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ሰፈሩ በቁጣ ይነሣል። ለስብሰባ ሁሉም በየመኪናው ይመጣል፣ ፓርኪንጉ ሞልቶ ጎዳናው ይዘጋል፣ ተናጋሪውም በተሰጠችው ሦስት ደቂቃ «ሰፈራችን በመኪና ታነቀ» ይላል። ከልቡ ነው። ማቆሚያ ፍለጋ ሲዞር ያመሸ ሰው የሚናገረውን ያውቃል።

የአስተዳደሮቹ ብልሃት ደግሞ ከነዋሪውም ይበልጣል። ፎልስ ቸርች እ.ኤ.አ. በ1948 ራሷን የቻለች ከተማ ሆነች፤ ስፋቷ ከ2 ስኩዌር ማይል እምብዛም አያልፍም። በቨርጂኒያ ከሽያጭ ታክሱ 1 ከመቶው የሚገባው መደብሩ ላለበት አስተዳደር ነው። ታዲያ አስተዋይ ከተማ ግዙፉን መደብር የት ታስቀምጠው? ጠርዝ ላይ ነዋ! ቢጄስ የተባለው የጅምላ መደብር ከኤደን ሴንተር የገበያ ማዕከል ብዙም ሳይርቅ፣ ዊልሰን ቡሌቫርድ ላይ፣ በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ ቆሟል። ታክሱ እቤት ይቀራል፤ መኪናው ጥቂት ተንፏቆ ሰቨን ኮርነርስ ሲደርስ የፌርፋክስ ካውንቲ እንግዳ ይሆናል። ካውንቲውን ብትጠይቁ መንገዱ የስቴቱ ነው ይላችኋል። እውነቱን ነው። ስቴቱን ብትጠይቁ ቦታው ላይ ምን እንደሚሠራ የሚወስነው የአካባቢው አስተዳደር ነው ይላችኋል። እሱም እውነቱን ነው። ሁሉም እውነቱን ተናግሮ ጨረሰ፤ መኪናው ግን አልተነቃነቀም።

ሰቨን ኮርነርስ ማለት ሩት 7፣ ሩት 50፣ ዊልሰን ቡሌቫርድ፣ ስሊፒ ሆሎውና ሂልዉድ ተገናኝተው መለያየት ያቃታቸው ቦታ ነው። እዚያ ያለው የገበያ ማዕከል የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1956 ስለሆነ ሰፈሩ ገበያና መኪና አዲስ አልሆነበትም። እ.ኤ.አ. በ2015 ካውንቲው ለመገናኛው ቀለበት መንገድ በዕቅዱ አስፍሮለታል። የአዲስ አበባን ቀለበት መንገድ በሥራ መውጫ ሰዓት ለምናውቅ ሰዎች ይህ ምንኛ የሚያጽናና ዜና ነው!

ለትራፊክ ጥናት ግን ባርኔጣዬን ሳላነሣ አላልፍም። መሐንዲሶች መስቀለኛውን መንገድ እንደ ተማሪ ከኤ እስከ ኤፍ ማርክ ይሰጡታል። ከኤፍ በታች ማርክ የለም። እንግዲህ ነጋዴ ሆይ፣ መደብርህን ቀድሞውኑ በወደቀ መንገድ ላይ ሥራ፤ ምንም ያህል መኪና ብትጨምርበት ዳግመኛ አይወድቅም። ሌላም ጥበብ አለ፦ ከገበያተኛው የተወሰነው «ድሮም በዚያ የሚያልፍ ነበር፣ ጎራ ብሎ ነው» ተብሎ ከአዲሱ መኪና ቁጥር ይቀነሳል። እኛም ቅዳሜ ሥጋ ቤት የምንገባው ጎራ ብለን ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ላይ ያሉት የዊተን ሰዎች ግን ለሽሙጥ አይመቹም። እ.ኤ.አ. በ2013 ኮስኮ የተባለው የጅምላ መደብር እዚያ ባለው የገበያ ማዕከል ተከፈተ፤ ኩባንያው ባለ 16 ፓምፕ፣ በዓመት 12 ሚሊዮን ጋሎን የሚሸጥ ማደያም ልጨምር አለ። በአቅራቢያው መዋኛና የአካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነበር። ጎረቤቶቹ ስለ ጭሱና ስለ ሰልፉ ማስረጃ ይዘው ለወራት ችሎት ተመላለሱ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የሞንትጎመሪ ካውንቲ የይግባኝ ቦርድ ማደያውን ከለከለ። እንዴት ያሉ አሰልቺ ሰዎች ናቸው! ሰነድ ያነባሉ፣ ይመዘገባሉ፣ ቀጠሮ ያከብራሉ።

እኛ እንዲህ ያለ ድካም አያስፈልገንም። ቤይሊስ ክሮስሮድስና ስካይላይን ያለነው ሐበሾች በፖስታችን ፎልስ ቸርች፣ በድምፃችን ፌርፋክስ ነን፤ ጉባኤያችን ግን ቡና ቤት ነው። «ይሄ ስቶር ከመጣ ሰፈሩ አለቀ በቃ!» ይላል አንዱ። ሁሉም ይስማማል። ጥቂት ቆይቶ ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «መቼ ነው የሚከፈተው? ዘይትና ዱቄት ይረክሳል ይባላል» ይላል። በዚህኛውም ሁሉም ይስማማል። ውጭ ደግሞ እንጀራ ለመግዛት «አንድ ደቂቃ ብቻ» ያለው ወንድማችን ሃዛርድ አብርቶ መውጫውን ዘግቶታል፤ ከኋላው ጥሩምባ የሚነፋው ግን ትራፊክ ነው። ስንቶቻችን በፓርኪንግ ሥራ የዋሽንግተንን መኪና ስናቆም ኖረናል! ስለ ፓርኪንግ በሚወሰንበት አዳራሽ ግን አንድም ሐበሻ ብታጡ አይግረማችሁ። ሌሊት የሚሠራውና ልጅ የሚጠብቀው ምክንያት አለው፤ ቡና ቤት ያመሸነው ግን ምክንያት የለንም።

እና የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ ሂዱ። ተመዝገቡ፣ ሦስት ደቂቃችሁን ተናገሩ። ስትሄዱ ግን እባካችሁ አራት ሆናችሁ በአንድ መኪና ሂዱ።